ሐሙስ ሐሙስ የሚዘጋው በር

ባለቤቴን በሥራ ቦታዋ «ለምን» ብለው ይጠሯታል። እናትና አባቷ ያወጡላት ስም አይደለም፤ ግን እነሱም ቢሆኑ ከዚህ የተሻለ አላወጡላትም። አምፖል ቢርገበገብ፣ በር ቢንቋቋ፣ አውቶቡስ ሁልጊዜ ከሚቆምበት ትንሽ ራቅ ብሎ ቢቆም፣ እሷ ምክንያቱን ካልጠየቀች ቀኑ አይመሽላትም። እኔ ሶፋ ሠሪ ነኝ። የተዋወቅነው የአክስቷን ወንበር ልታሠራ ወደ ሱቄ ስትመጣ ነው። ወንበሩ አልቆ ከተወሰደ በኋላም መመላለሷን አልተወችም፤ ስፕሪንጉ ለምን ከሥር እንደሚታሰር ገና አልገባኝም ትለኝ ነበር። ይኸው ተጋብተን ስንት ዘመን ኖርን፣ እስከ ዛሬም አልገባትም።

የምትሠራው ሆስፒታል ውስጥ ነው፤ የኔትወርክ ባለሙያ ናት። ድሮ ሰው ሚስትህ ምን ትሠራለች ሲለኝ «ኮምፒዩተር ነው የምትሠራው» ብዬ እገላገል ነበር። መዘዙ ለእሷ ተረፈ፤ ጎረቤቱ ሁሉ እምቢ ያለ ስልክና የተሰበረ ሪሞት ይዞ ደጃችን ላይ ተደረደረ። አሁን ግን ነገሩ ስለገባኝ በወጉ ላስረዳ። በሆስፒታሉ ውስጥ በየሕንፃው ክንፍ ስዊች የሚባል ሳጥን ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። የመብራት ማብሪያ ማጥፊያውን ማለቴ አይደለም። ይሄኛው ፊቱ ቀዳዳ በቀዳዳ የሆነ፣ ከየቀዳዳው ገመድ የሚወጣ፣ ትንንሽ አረንጓዴ መብራቶች የሚጠቃቀሱበት ሳጥን ነው። ካርድ ክፍል የመዘገበውን ለሐኪሙ፣ ላቦራቶሪ ያገኘውን ለተኝቶ ታካሚዎች ክፍል የሚያደርሱት እነዚህ ሳጥኖች ናቸው፤ አንዱ ለሌላው እያቀበለ። ቀዳዳዎቹን ባለሙያዎቹ ፖርት ይሏቸዋል። እኛ ቤት ግን በር ነው የምንላቸው።

ይህን ሥራ ወድዳ አልጀመረችውም፤ ተናዳ ነው የጀመረችው። በፊት ካርድ ክፍል ነበረች። አንድ ቀን ጠዋት፣ ሰልፉ ከመስኮቷ ተነስቶ ግቢው ውስጥ በተጠማዘዘበት ሰዓት፣ ኮምፒዩተሮቹ ቀጥ አሉ። የእሷ ብቻ ሳይሆን የመላው ሆስፒታል። ከፊቷ አንድ አዛውንት ቆመው ነበር፤ የካርድ ቁጥራቸውን በብጣሽ ወረቀት ጽፈው በሁለት እጃቸው ይዘዋል። ቁጥሩን ብትጽፈው ብትጽፈው ምንም አይመጣም።

«ልጄ፣ ስሜ የለም እንዴ?» አሏት።

«አለ አባባ። ትንሽ ይታገሱ።»

ታገሡ። ጸሐይ ከመስኮቱ እስክትሸሽ ድረስ ታገሡ። ከዚያ ወረቀታቸውን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱና ሄዱ። ምን ታመው እንደነበር፣ ሌላ ቦታ ታክመው ይሁን ሳይታከሙ ቀርተው፣ እስከ ዛሬ አታውቅም። ይህ ነገር እንደ እሾህ ውስጧ ቀርቷል፤ ሳታነሳው የምትከርምበት ጊዜ አለ፣ የረሳችበት ጊዜ ግን የለም።

በማግስቱ ሄዳ የዚያን ጊዜውን የኔትወርክ ባለሙያ ጠየቀችው። ጡረታው የተቃረበ፣ ወሬ የማይወድ ሰው ነበር። «ገመድ ነው» አላት። አንድ ገመድ ሁለቱም ጫፎቹ ግድግዳ ላይ ተሰክተው ተገኙ፤ ማን እንደሰካው አልታወቀም፤ ሲነቀል ሁሉም ተነሣ። አንድ ክንድ የማይሞላ ገመድ አንድ ሙሉ ሆስፒታል እንዴት ይጥላል? ሰውየው «ሉፕ ነዋ» ብሎ ወደ ሥራው ዞረ። እንዲህ ያለ አጭር መልስ ለእሷ መልስ ሳይሆን ስድብ ነው። ትምህርት ቤት ተመዘገበች፤ ከሥራ መልስ እየሄደች ተማረች፤ ሰውየው ጡረታ ሲወጣ ተወዳድራ ቦታውን ያዘችው።

ለእኔ ያስረዳችኝ በራሴ ዘመዶች ነው።

«የዘመዶችህ የስልክ ግሩፕ ትዝ ይልሃል?» አለችኝ።

ይረሳል እንዴ? አንዱ ያጎቴ ልጅ «ይህን ለዘመድ ሁሉ አድርሱ» ብሎ መልእክት ላከ። እኔ ለእህቴ፣ እህቴ ለአክስቴ፣ አክስቴ ደግሞ ዞራ ለእኔ። እኔም አዲስ ነገር መስሎኝ እንደገና ለእህቴ። ስልኬ እስኪግል ድረስ ስንቀባበል ዋልን፤ በመሐል አንድ ደንበኛ ቢደውል ቢደውል መግቢያ አጣ።

«ስዊቾቹም እንደናንተ ናቸው» አለች። «ለሁሉም አድርሱ የተባለ መልእክት ሲመጣላቸው በሁሉም በር ያወጡታል። መንገዱ ክብ ከሆነ፣ ሉፕ የሚሉት እሱን ነው፣ የላኩት ዞሮ ይመጣል። የራሳቸው መሆኑን አያውቁትም፤ መልሰው ይልኩታል። ዓይንህን ገልጠህ እስክትጨፍን ድረስ መንገዱ ሁሉ በእሱ ይሞላል። የአዛውንቱ ስም የት ይለፍ?»

መፍትሔው ደግሞ ክቡን ወደ ዛፍ መለወጥ ነው። ስዊቾቹ በየሁለት ሰከንዱ አጭር ሰላምታ ይለዋወጣሉ። በሰላምታቸው ተስማምተው አንዱን የዛፉ ሥር ያደርጉታል፤ ከእሱ ወደ እያንዳንዳቸው አንድ መንገድ ብቻ ክፍት ትተው ትርፉን ይዘጉታል፤ ክፍቱ መንገድ የተበጠሰ ቀን የተዘጋው ይከፈታል። ወሬ ከእናቴ ወደ ልጆቿ፣ ከልጆቿም ወደ ልጅ ልጆቿ ብቻ ቢወርድ ኖሮ ስልኬ ባልጋለ ማለት ነው። «ታላቅ እህትህ ብድግ ብላ የቤቱ እናት እኔ ነኝ ብትልስ?» አለችኝ። ለዚያም መላ አለው፤ ካልተጠበቀ በር «ሥሩ እኔ ነኝ» የሚል እንግዳ ስዊች ብቅ ቢል ያ በር ወዲያው ይታገዳል። ለእህቴም እንዲህ ያለ ነገር ቢገኝ ብዬ ተመኘሁ፤ ለእህቴ ግን አልነገርኳትም።

ባለቤቴ ቦታውን እንደያዘች መጀመሪያ ያደረገችው፣ ኮምፒዩተር ብቻ ሊሰካባቸው በሚገባ በሮች ሁሉ ላይ ጠባቂ ማቆም ነበር። ሰው አይደለም፤ ለስዊቹ የምትሰጠው ትእዛዝ ነው። ኮምፒዩተር እንደ ስዊች ሰላምታ አይሰጥም። ስለዚህ በዚያ በር በኩል ሰላምታ ከተሰማ ወይ ሰው የማይገባ ሳጥን ሰክቷል፣ ወይ ገመድ ዞሮ ተመልሷል። ጠባቂው ለምን ብሎ አይጠይቅም፤ በሩን ይዘጋዋል። አንዷ ክፍል ትቆረጣለች፣ ሆስፒታሉ ይተርፋል። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ በሩን ራሱ እንዲከፍት ማዘዝ ይቻል ነበር፤ እሷ ግን እምቢ አለች። «ምክንያቱን ሳላውቅ አልከፍትም» ነው የምትለው። እኔን ከጠየቃችሁኝ በየበሩ ያቆመችው ጠባቂ ሳይሆን ራሷን ነው።

ነገሩ ለረጅም ጊዜ ሰላም ነበር። ከዚያ የሕፃናት ክፍል በር ሐሙስ ሐሙስ ረፋድ ላይ መዘጋት ጀመረ።

የዚያ ክፍል ኮምፒዩተሮች በሙሉ ከነርሶቹ ጠረጴዛ ሥር በተቀመጠች ትንሽ ሳጥን በኩል አልፈው፣ በአንድ የግድግዳ በር ነው የሚወጡት። በሩ ሲዘጋ ክፍሉ በሙሉ ይቆረጣል። ባለቤቴ ላፕቶፗን ታቅፋ እየሮጠች ትሄዳለች። የክፍሉ ኃላፊ ሲስተር ናቸው፤ ምራቃቸውን የዋጡ፣ ድምፃቸውን ከፍ ሳያደርጉ ክፍል የሚያስተዳድሩ ሴት።

«ማነው የነካው?» ትላለች ገና ከደጅ።

«ማንም» ይላሉ ሲስተር።

«ገመድ የሰካ የለም?»

«ኧረ የለም።»

ጠረጴዛው ሥር ትገባለች። ገመዱ ሁሉ በቦታው ነው። ስዊቹን ብትጠይቀው የራሴን ሰላምታ መልሼ ሰማሁ ይላታል፤ አንድ ሰው መንገዱን ክብ አድርጎታል ማለት ነው። ታዲያ ክቡ የት ሄደ? ውሃ በላው። በሩን ስትከፍተው ሁሉም እንደ ድሮው ይሠራል፤ እስከሚመጣው ሐሙስ ድረስ።

ቤት ስትመጣ ሌላ ወሬ የላትም። ሐሙስ ምን አለ? የወለል እጥበት ነው እንዳትል እሱ ሰኞ ነው። ክትባት ረቡዕ ነው። አይጥ ይሆን? «አይጧ የሥራ ቀን የምታከብር ናት» አልኳት፤ አልሳቀችም። አንድ ሐሙስ ጠዋት ሄዳ እዚያው ክፍል ወንበር ስባ፣ ማን ወጣ ማን ገባ ሳትል ዓይኗን አረንጓዴው መብራት ላይ ተክላ ተቀመጠች። ያን ቀን በሩ አልተዘጋም። ሲስተር ግን ፊታቸው ቅጭም እንዳለ ዋለ፤ ባለቤቴም መቀመጤ ከብዷቸው ነው ብላ ተነሣች። በሳምንቱ በሩ እንደ ልማዱ ተዘጋ።

ሥራ አስኪያጁ አስጠራት። ክፉ ሰው አይደለም፤ ቅሬታ የሰለቸው ሰው ነው።

«ሐሙስ በመጣ ቁጥር የሕፃናት ክፍል የመድኃኒት ማዘዣ በእግር ነው የሚሄደው» አላት። «ጠባቂሽ ከሌባው ይልቅ እኛን አስቸገረን።»

«ካነሳሁት አንድ ቀን ሁሉም ይወድቃል።»

«አንቺ አንድ ቀን ትያለሽ፤ እኔ በየሳምንቱ ነው የምሰማው። በሚመጣው ሐሙስ ከተዘጋ ታነሺዋለሽ፤ ከዚያ ክፍል ብቻ ሳይሆን ከሁሉም። አላነሳም ካልሽ ደግሞ ካርድ ክፍል ሰው ጎድሎናል።»

ያን ምሽት የቀረበላትን እራት ሳትነካ ወደ ዳር ገፋችው። ካርድ ክፍል መመለሱ አይደለም ያስጨነቃት። «እኒያ አዛውንት መጡብኝ» አለች። «እንደገና መስኮቱ ጋ ቆመው ስሜ የለም እንዴ ይሉኛል፤ አሁን ደግሞ እያወቅኩ ነው የማጠፋው።» ድስቱን ከድኜ አነሳሁት፤ የሶፋ ሰው ምን ያውቃል።

እሑድ ዕለት መልሱ ከራሳችን ቤት ተገኘ። የቤት አከራያችን ከአንድ በላይ የኤሌክትሪክ ምድጃ አይፈቅዱም፤ ቆጣሪው የጋራ ነው። እኛ ደግሞ ሁለት ነው ያለን። የነጠላ ጫማቸው ኮቴ ደረጃው ላይ ሲሰማ ሁለተኛዋን ምድጃ ነቅዬ አልጋ ሥር እከታታለሁ፤ ሲሄዱ አወጣታለሁ። ለምጄዋለሁ፤ ሳላስበው ነው የማደርገው። ያን ቀን ስለ ውኃው ቧንቧ ሊጠይቁ መጡና ሄዱ። ምድጃዋን ጎትቼ መልሼ ስሰካ ባለቤቴ ግማሽ የተላጠ ሽንኩርት ይዛ ታየኛለች።

«አሁን ምን አደረግክ?» አለችኝ።

«ምን አደረግኩ? ምድጃዋን አወጣሁ።»

«ከዚያ በፊትስ?»

«ደበቅኳት።»

«ለምን?»

«እትዬ መጡብኛ። አላየሽም?»

«ሲሄዱ ደግሞ ወደ ቦታዋ መለስካት። እኔ አሁን ብገባ ምንም የተነካ ነገር የለም።» ሽንኩርቱን አስቀመጠችው። «ሐሙስ ሐሙስ ማነው የሚመጣው?»

ሰኞ ጠዋት ማነው የነካው ብላ አልጀመረችም። የሕፃናት ክፍሉን ጽዳት ሠራተኛ ኮሪደር ላይ አግኝታ ሐሙስ ማን እንደሚመጣ ጠየቀቻት። ሴትዮዋ እንዲህ ያለ ጥያቄም አለ እንዴ በሚል ዓይን አየቻት። «ጋሽ ቃርሚያ ናቸዋ» አለቻት።

ጋሽ ቃርሚያ የንብረት ክፍል ኃላፊው ናቸው፤ ይህን ቅጽል ስም በፊታቸው የሚጠራው ሰው የለም። አንድ ጊዜ አንዲት ነርስ የመድኃኒት ትሪ ይዛ ስታልፍ ወለል ላይ የተጋደመ ገመድ ጠልፏት ወድቃ እጇን ተሰበረች። ከዚያ ወዲህ ጋሽ ቃርሚያ ጋሪያቸውን እየገፉ በየተራው በየክፍሉ ይዞራሉ። ሁለቱም ጫፎቹ ያልተሰኩ ገመድ ካገኙ ትርፍ ነው ብለው ስቶር ያስገቡታል። ከስቶር ለማስወጣት የሚያስፈልገው ፊርማ ብዛት ግን አይወራም። የሕፃናት ክፍል ተራ ሐሙስ ነው።

ባለቤቴ ሲስተርን ሻይ በሚጠጡበት ትንሽ ክፍል ውስጥ ብቻቸውን አገኘቻቸው። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ሲስተር፣ ገመዱ የት ነው?» አለቻቸው።

ሲስተር ብርጭቋቸውን አስቀምጠው መሳቢያውን ሳቡ። ገመዱ እንደ ፈትል ተጠቅልሎ ተቀምጧል።

«የሕፃናቱን ልብ የሚያየው ማሽን በጎማ እየተገፋ ከሌላ ክፍል ነው የሚመጣልን» አሉ። «ሲመጣ ይሄ ገመድ ከሌለ ሕፃኑ ይጠብቃል። ጋሼ ከወሰዱት ደግሞ ስንት ቀን ይጠብቃል። ስለዚህ ሲመጡ አንዱን ጫፍ ጠረጴዛው ሥር ካለችው ሳጥን፣ አንዱን ግድግዳው ላይ እሰካዋለሁ። መሳቢያ ሁሉ ከፍተው ያያሉ፤ የተሰካ ግን አይነኩም። ሲሄዱ እነቅለዋለሁ። አንቺ መጥተሽ የተቀመጥሽ ዕለት መሰካት አልቻልኩም፤ ያኔ የነበረውን ገመድ ይዘውብኝ ሄዱ፤ ይሄን የተዋስኩት ከሌላ ክፍል ነው።»

«በሩን የሚዘጋው እሱ እንደሆነ አላወቁም?»

«መጀመሪያ አላገናኘሁትም። ሲገባኝ ደግሞ አፌን ያዝኩ።»

«ለምን አልነገሩኝም?»

ሲስተር መሳቢያውን መልሰው ገፉት። «ከደጅ ጀምረሽ ማነው የነካው እያልሽ ነው የምትገቢው። ለማን ነው የሚነገረው? አትቀየሚኝና ከጋሽ ቃርሚያ ይልቅ የምፈራው አንቺን ነው።»

ቤት መጥታ «እኔ የምጠይቀው ለማወቅ ነው እኮ» አለችኝ። አውቃለሁ አልኳት፤ ፊትሽ ግን እንደዚያ አይልም አልኳት። እንዲህ በግልጽ ስነግራት የመጀመሪያዬ ነበር፤ እኔም ለካ ፈርቼ ኖሯል።

መላው ቀላል ነበር። ጋሽ ቃርሚያን ገመዱ ወለል ላይ እንዳይጋደም ነው የፈለጉት ወይስ እንዳይኖር ብላ ጠየቀቻቸው። አሰቡበት። ግድግዳ ላይ በመስቀያ ከተሰቀለ ቦታ አለው ማለት ነው፣ እኔ ምን ቸገረኝ አሉ። መስቀያዎቹን ከሶፋ እግር ትርፍራፊ ብረት እኔ ሠራኋቸው፤ ጫፋቸውን ሰው እንዳይቧጥጥ በሞረድ አለስልሼ። ለሥራ አስኪያጁ ደግሞ ምክንያቱን አግኝቼዋለሁ አለችው። ማነው ያጠፋው ሲላት ስም አልጠራችም።

«ገመዱ ማረፊያ አጥቶ ነው። አሁን አግኝቷል። ሐሙስ አይዘጋም።»

«ከተዘጋስ?»

«ጠባቂውን በራሴ እጅ አነሳዋለሁ።»

በዚያ ሐሙስ እኔም እዚያ ነበርኩ። የሕፃናት ክፍል ኮሪደር ውስጥ ያሉት የመጠበቂያ ወንበሮች ልብሳቸው ተቀዳዶ ስለነበር እንድቀይር ተጠርቼ፣ ምስማር በአፌ ይዤ በጉልበቴ ተንበርክኬ ስሠራ ነው ሁሉንም ያየሁት። ረፋድ ላይ የጋሪው ጎማ ድምፅ ተሰማ። ጋሽ ቃርሚያ ገቡ፣ ወለሉን አዩ፣ ግድግዳውን አዩ። መስቀያዬን በጣታቸው ነቅነቅ አደረጉት፤ ጠንካራ ነው። ገመዱን ሳይነኩ ጋሪያቸውን እየገፉ አለፉ። ሲስተር ከጠረጴዛቸው ማዶ ባለቤቴን በዓይናቸው ጠቀሷት። መብራቶቹ ሁሉ አረንጓዴ ናቸው። ደስ አለኝ፤ ምስማሬን መታሁ።

ቀና ስል ባለቤቴ ከግድግዳው በር ፊት ቆማለች። ያን ፊቷን አውቀዋለሁ።

«ምን ሆንሽ?» አልኳት።

«አልተዘጋም።»

«ጥሩ ነዋ።»

«ለምን አልተዘጋም?»

«መስቀያ ስላለው።»

«ወይም ጠባቂው ስለተኛ» አለች። «በሳምንቱ መጨረሻ የስዊቹን ሶፍትዌር አድሼዋለሁ። ከዚያ ወዲህ ሲዘጋ አላየሁትም። ዝም ያለ ጠባቂ ነቅቶ ይሁን ተኝቶ በምን አውቃለሁ?»

«ነገ ታይዋለሽ» አልኳት። ነገ የሚባል ቃል እሷ ዘንድ እንደማይሠራ እያወቅኩ ነው ያልኩት። ሌላ ምስማር ለማንሳት ጎንበስ ስል ገመዱን ከመስቀያዬ አውርዳ፣ አንዱን ጫፍ ጠረጴዛው ሥር ካለችው ሳጥን፣ አንዱን ግድግዳው ላይ ሰካችው።

ወዲያው አረንጓዴው ጠፋ። ባለቤቴ የሳቀችው ሳቅ የሕፃን ነው። «ነቅቷል» አለችኝ። «አየህ? ነቅቷል።»

ከጠረጴዛው ማዶ አንዲት ነርስ «ሲስተር፣ ተቆረጠ» አለች። ስልክ ጮኸ። ያን ጊዜ ነው ለሥራ አስኪያጁ የገባችው ቃል ትዝ ያላት። ፊቷ አመድ መሰለ።

ገመዱን ነቅላ በእጇ ይዛዋለች። ላፕቶፗ ወንበሩ ላይ ነው፤ በሩን ለመክፈት ጥቂት ቃል መጻፍ ይበቃታል። ሲስተርና ነርሶቹ በሕፃናቱ ተይዘው ነበር፤ ከእኔ በቀር ማንም አላያትም፤ እኔ ደግሞ ባሏ ነኝ። ክፈቺውና እንሂድ አልኳት በዓይኔ። የሥራ አስኪያጁ ቢሮ ግን ከላይ ነው፤ ቅሬታው በስልክ ሳያልቅ እሱ ራሱ ደረጃውን ወርዶ መጣ። ጋሽ ቃርሚያም ግርግሩን ሰምተው ጋሪያቸውን ይዘው ተመለሱ።

«ማነው የነካው?» አለ ሥራ አስኪያጁ።

ነርሶቹ ወለሉን ያያሉ። «ማንም» የሚለው ቃል ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር፤ ምስማር በአፌ ባይኖር እለው ነበር።

«እኔ ነኝ» አለች ባለቤቴ።

«አንቺ?»

«እኔ። ጠባቂው ነቅቶ እንደሆነ ለማወቅ ፈልጌ ነው። ሲስተርን ሳልጠይቅ ክፍሉን መቁረጥ አልነበረብኝም። ቃል ገብቻለሁ፤ አነሳዋለሁ።»

ወንበሬ ላይ ተቀምጣ ላፕቶፗን ጭኗ ላይ አደረገች። መጀመሪያ የክፍሉን በር ከፈተች፤ አረንጓዴው ተመለሰ። ከዚያ የማንሻውን ትእዛዝ መጻፍ ጀመረች። ፊደል እየሳተች ታጠፋለች። አልቅሼ አላውቅም ሥራ ቦታ፤ ያን ቀን ተቃርቤ ነበር።

ሲስተር መጡና መዳፋቸውን በፊደሎቹ ላይ አሳረፉ።

«ቆይ» አሉ። ወደ ሥራ አስኪያጁ ዞሩ። «የዛሬው እሷ ናት። ያለፉት ሐሙሶች ሁሉ እኔ ነኝ። ገመዱ እንዳይወሰድብኝ ብዬ ነው። ታውቅ ነበር፤ አልተናገረችብኝም።»

ሥራ አስኪያጁ አንዴ ሲስተርን፣ አንዴ ባለቤቴን፣ አንዴ መስቀያውን አየ። ጋሽ ቃርሚያ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ያቺ የወሰድኳት ገመድ» አሉ፣ «ስቶር ውስጥ አለች። ያለ ፊርማ አመጣታለሁ።» እዚያ ሆስፒታል ያለ ፊርማ የሚለው ሲሰማ የመጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም፤ ነርሶቹ ቀና ብለው አይዋቸው።

«ማነው ብዬ ስጠይቅ እኔ ነኝ የሚለኝ ሰው አጋጥሞኝ አያውቅም» አለ ሥራ አስኪያጁ። «ዛሬ ሁለት በአንድ ቀን። ጠባቂው ይቆይ። ግን አንድ ነገር ልጠይቅሽ፤ ዘግቶ ሲያበቃ ራሱ የማይከፍተው ለምንድን ነው?»

ምክንያቱን ሳላውቅ አልከፍትም ትለዋለች ብዬ ጠበቅኩ። አፏንም ከፍታ ነበር። ከዚያ ሲስተርን አየቻቸው።

«ከዛሬ ጀምሮ ይከፍታል» አለች። «ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ይሞክራል፤ ገመዱ እዚያው ካለ መልሶ ይዘጋል። ምክንያቱን ደግሞ እነሱ ይነግሩኛል።»

ማታ ወደ ቤት ስንሄድ አውቶቡሱ እንደገና ካለቦታው ቆመ፤ እሷ ግን አልጠየቀችም። መስኮቱን ተደግፋ ብዙ መንገድ ከሄድን በኋላ፣ «ያኔ ሆስፒታሉን የጣለውን ገመድ የሰካው ሰው» አለች፣ «እስከ ዛሬ ስረግመው ነው የኖርኩት። አንድ ሰው ፊቱ ቆሞ ማነው ሲለው ፈርቶ ይሆናል እኮ። ቶሎ ቢናገር አዛውንቱ ይታከሙ ነበር። ግን ማን ነበር በደህና ድምፅ የጠየቀው?» እጇን ያዝኩት።

ቤት ገብተን ሁለቱንም ምድጃ ሰክተን እራት ስንሠራ ያ የነጠላ ጫማ ኮቴ ደረጃው ላይ ተሰማ። እጄ ከእኔ ቀድሞ ሶኬቱን ነቀለ፤ ምድጃዋን ገፋ ሳደርግ ባለቤቴን አየኋት። እንዲሁ ታየኛለች፤ ለማወቅ በምታይበት ዓይኗ።

ምድጃዋን መልሼ ሰካኋት። እትዬ በሩን አንኳኩተው ገቡ፤ ሰላም አሉን፤ ዓይናቸው ሁለቱ ድስቶች ላይ አረፈ።

«ይህቺን ሁለተኛዋን ማነው ያመጣት?» አሉ።

ባለቤቴ አፏን ስትከፍት አየኋት፤ ያን ቀን ግን እኔ ቀደምኳት።